ሞፔድና ስኩተር በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፦ ሕጋዊና አስተማማኝ መንገድ እንዴት ይገኛል?

ዲሊቨሪ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዘጠነኛ ጎዳና ላይ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምግብ ተቀብዬ ደቡብ ምዕራብ ዲሲ ወንዙ ዳር ወዳለው ዋርፍ ማድረስ ነበረብኝ። ስልኬን መሪው ላይ አስሬ ካርታው የሚለኝን ተከተልኩ። «ቀጥ በል» ይላል፤ ቀጥ አልኩ። ኮንስቲቱሽን አቬኑን ሳልፍ መንገዱ ቁልቁል ወረደና ዋሻ ውስጥ ገባሁ። ከዋሻው ስወጣ ፊት ለፊቴ 395 የሚባለው ፈጣን መንገድ ሰማያዊና ቀይ ምልክት ቆሟል። በግራዬ መኪና፣ በቀኜ መኪና፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና። ሞፔዴ ደግሞ ጋዙን እስከ መጨረሻ ብጠመዝዘው ከ30 ማይል አታልፍም። እንደምንም ወደ ቀኝ ወጥቼ ሜይን አቬኑ ላይ ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ካርታውን አየሁት። ሁለት ብሎክ ብቻ ወደ ምሥራቅ ብሄድ ኖሮ ሰባተኛ ጎዳና ናሽናል ሞልን ከላይ አቋርጦ እስከ ዋርፍ ያደርሰኝ ነበር። ዋሻ የለ፣ ሀይዌይ የለ። የሚጨምረው ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታው መኪና ያውቃል፣ ብስክሌት ያውቃል፣ እግረኛ ያውቃል። ሞፔድ አያውቅም። በመኪና ምርጫ ከሄዳችሁ ሀይዌይ ላይ ይጥላችኋል። በብስክሌት ምርጫ ከሄዳችሁ ሞተር የማይገባበት የፓርክ መንገድ ውስጥ ይከታችኋል። ጉግል ማፕስ እንደ ሕንድ ባሉ አገሮች ለሞተር የተለየ ምርጫ አለው፤ እዚህ አሜሪካ ግን የለውም። ስለዚህ መንገዱን ራሳችን መሥራት አለብን። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት አካሄድ ነው። በዲሲና በዙሪያዋ በሞፔድ ለሚሠሩና ወደ ሥራ ለሚመላለሱ ወንድሞችና እህቶች ይጠቅማል ብዬ ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የት መንዳት ይቻላል የሚለው መልስ የሚወሰነው በያዛችሁት ነገር ነው። ሁላችንም «ስኩተር» የምንለው በሕግ ዓይን ሦስት አራት የተለያየ ነገር ነው።

ቆማችሁ የምትነዱት፣ መቀመጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ስኩተር ከሆነ ዲሲ ውስጥ የብስክሌት መስመር ይፈቀድላችኋል። መሀል ከተማው የንግድ ክልል ውስጥ ግን የእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። ፔዳል ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነ፣ ፍጥነቱ በሕግ ከተቀመጠው እስካላለፈ ድረስ፣ እሱም ከብስክሌት ጋር ይመደባል።

መቀመጫ ያለው፣ 50 ሲሲ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሞተር ያለው፣ ወይም በዚያ ልክ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሞፔድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ከ50 ሲሲ ከበለጠ ደግሞ በሦስቱም ቦታ እንደ ሞተርሳይክል ነው የሚታየው። የሞተርሳይክል መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሻጩ የነገራችሁን አትመኑ። ጎንበስ ብላችሁ ራሷ ላይ እዩ። ሻሲው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው አንገት ወይም ከመቀመጫው ሥር፣ 17 ፊደልና ቁጥር የያዘ የሻሲ ቁጥር መኖር አለበት። አጠገቡ ያለው ታርጋ መሰል ወረቀት ወይም ብረት ላይ ሲሲው ወይም ዋቱ ይጻፋል። አዲስ ከሆነች ከፋብሪካው የመጣውን፣ የት እንደተሠራች የሚያረጋግጠውን ወረቀት (ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅን) ጠይቁ። ቁጥሩም ወረቀቱም ከሌለ ምዝገባ ላይ ትቸገራላችሁ። ያልተመዘገበች ሞፔድ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ላይ ሕጋዊ አይደለችም፤ የቱንም ያህል ጥሩ መንገድ ብትመርጡ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በ2024 በሰኔ ወር መጨረሻ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የዲሲ ፖሊስ ያልተመዘገቡ ሞፔዶችን እያስቆመ መውሰድ ጀመረ። ያን ሰሞን ሞፔዱን የተነጠቀ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ሲደውል ማየት የተለመደ ነበር። የዕለት እንጀራው የሄደበት ሰው ፊት አይረሳም።

2. አንድ ከተማ፣ ሦስት ሕግ

እዚህ አካባቢ አንድ ሰው ዲሲ ሻው ሰፈር ምሳ ያደርሳል፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ እሁድ ቨርጂኒያ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ለቅሶ ይደርሳል። በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ውስጥ ገብቶ ይወጣል ማለት ነው።

ዲሲ፦ ሞፔድ መመዝገብ፣ ታርጋ መለጠፍና ኢንሹራንስ መግባት አለበት። ነጂው መንጃ ፈቃድ ይይዛል፤ ሄልሜት ያደርጋል። የብስክሌት መስመርና የእግረኛ መንገድ ለሞፔድ ክልክል ናቸው። ሰፈር ውስጥ ምልክት ከሌለ ፍጥነቱ 20 ማይል ነው፤ ይህ ከ2020 ጀምሮ የጸና ነው።

ሜሪላንድ፦ ሞፔድና እስከ 50 ሲሲ ያለው ስኩተር የባለቤትነት ወረቀትና ተለጣፊ፣ ኢንሹራንስ፣ ሄልሜትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋቸዋል። ከ30 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። ከሁሉ በላይ ለመንገድ መረጣ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የፍጥነት ምልክቱ ከ50 ማይል በሚበልጥ መንገድ ላይ፣ እንዲሁም በፈጣን መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ከሌላው ትራፊክ የምትዘገዩ ከሆነ ደግሞ ደህንነታችሁ እስከፈቀደ ወደ ቀኝ መጠጋት አለባችሁ።

ቨርጂኒያ፦ ከ2014 ሐምሌ 1 ጀምሮ ሞፔድ የባለቤትነት ወረቀትና ታርጋ ይጠየቃል። ነጂው ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይይዛል፤ ሄልሜት ያደርጋል፤ ከፊቱ የንፋስ መስታወት ከሌለ መነጽር ወይም የፊት መከላከያ ያደርጋል። ከ35 ማይል በላይ አይነዳም። ኢንተርስቴት በሚባሉት፣ ክፍለ ሀገራትን በሚያገናኙት ፈጣን መንገዶች ላይ አይወጣም።

እኔ ሦስቱን በቃሌ ለመለየት አልሞክርም። ከሦስቱ ጥብቅ የሆነውን ወስጄ በሁሉም ቦታ እሱን እጠብቃለሁ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና ኢንሹራንስ ሁሌም ከእኔ ጋር። ሄልሜትና መነጽር ሁሌም። ከ30 ማይል በላይ በጭራሽ። ፈጣን መንገድ በጭራሽ። እንዲህ ሲሆን የዲሲና የሜሪላንድ ወሰን የሆነውን ኢስተርን አቬኑን ስሻገር «አሁን የማን ሕግ ነው?» ብዬ አላስብም።

መንጃ ፈቃድ ገና ላላወጣችሁ፦ የዲሲ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮው) የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛም ይሰጣል። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ በመንግሥት ቢሮዎች አስተርጓሚ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። መስኮቱ ላይ «አማርኛ» ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም።

3. የማይገባባቸውን መንገዶች አስቀድማችሁ አጥሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የት እንደሚሄድ ይፈልጋል እንጂ የት እንደማይሄድ አይወስንም። እናንተ ከሁለተኛው ጀምሩ። አንድ ወረቀት ላይ የአካባቢውን ካርታ አትሙና ቀይ እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ ኢንተርስቴቶቹን አስምሩ፦ 66፣ 295፣ 395፣ 495፣ 695። ቀጥሎ የዲሲ 295ን አስምሩ። ይህኛው አታላይ ነው፤ ሰዉ «ኬኒልዎርዝ አቬኑ» ይለዋል። ስሙ ጎዳና ነው፤ መንገዱ ግን ፈጣን መንገድ ነው። ጆርጅታውን ውስጥ ያለውን ዋይትኸርስት ፍሪዌይንም አስምሩ። ከኬ ስትሪት ወደ ኪ ብሪጅ ስትሄዱ ሳይታወቃችሁ ከፍ አድርጎ ያወጣችኋል።

ስም አያታልላችሁ ስል በተቃራኒውም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኢስት ዌስት ሀይዌይ ስሙ ሀይዌይ ይሁን እንጂ መብራትና የእግረኛ ማቋረጫ ያለው ተራ መንገድ ነው። ሌላም አለ። «ኮሎምቢያ ፓይክ» የሚባል መንገድ ሁለት ነው። የቨርጂኒያው አርሊንግተንን አቋርጦ የሚሄድ፣ አውቶቡስ የሚመላለስበት የሰፈር መንገድ ነው። የሜሪላንዱ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን እየራቀ ሲሄድ ወደ ፈጣን መንገድነት ይለወጣል። አድራሻ ስትቀበሉ የቱ እንደሆነ ማየት ግድ ነው።

ከዚያ ፓርክዌዮቹን አስምሩ። ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ባልቲሞር ዋሽንግተን፣ ሱትላንድ፣ ክላራ ባርተን። መኪናው ከናንተ እጥፍ በሚሆን ፍጥነት የሚሄድባቸው፣ ዳር የሌላቸው መንገዶች ናቸው። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይም እዚሁ ይግባ። ሥራ በሚኖርበት ቀን ጠዋት ከ6፡45 እስከ 9፡30 ሁሉም መስመር ወደ ደቡብ ይሆናል፤ ከሰዓት ከ3፡45 እስከ 6፡30 ሁሉም ወደ ሰሜን። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን ሳያውቅ በተሳሳተ ሰዓት የገባ ሰው ከፊቱ አራት መስመር መኪና ይመጣበታል። ከፍ ብሎ ያለው የቢች ድራይቭ ክፍል ደግሞ ለመኪና ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው፤ ለሞፔድም እንዲሁ።

በመጨረሻ የብስክሌትና የእግር መንገዶቹን አስምሩ። ካፒታል ክሬሰንት፣ ሜትሮፖሊታን ብራንች፣ ማውንት ቨርነን፣ ደብልዩ ኤንድ ኦዲ። ጸጥ ያሉ ናቸው፣ የሚያስቆም የትራፊክ መብራት አይበዛባቸውም፣ ጊዜም ያሳጥራሉ። ፈተናው እሱ ነው። ሞተር ላለው ተሽከርካሪ ክልክል ናቸው። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት በዚያ መንገድ ላይ ስትሄድ ከኋላዋ ሞፔድ እንደማይመጣባት ተማምና ነው።

4. ከተማዋን የሚከፍሏት ወንዞች ናቸው፤ ድልድዮቹን ተማሩ

በዲሲ መንገድ መሥራት ማለት ድልድይ መምረጥ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ብትሳሳቱ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ድልድይ ላይ ከተሳሳታችሁ ግን መመለሻ የለም።

ወደ ቨርጂኒያ ፖቶማክን የሚሻገሩት ድልድዮች አብዛኞቹ ለናንተ አይሆኑም። ሩዝቬልት ድልድይ 66 ነው። የአሥራ አራተኛ ጎዳና ድልድይ 395 ነው። ዊልሰን ድልድይ 495 ነው። ሜሞሪያል ድልድይ ኢንተርስቴት አይደለም፤ ቆንጆም ነው። ችግሩ ከተሻገራችሁ በኋላ ያለው አደባባይ ነው። ወደ ፓርክዌይና ወደ ፈጣን መንገድ የሚበታትን ስለሆነ አንድ መውጫ ብትስቱ ጉድ ነው።

የሚቀረው ኪ ብሪጅና ከላይ ያለው ቼይን ብሪጅ ነው። ለሐበሻ ሰፈሮች ኪ ብሪጅ ይቀርባል። ከፔንስልቬንያ አቬኑ በኤም ስትሪት ጆርጅታውንን አቋርጣችሁ ድልድዩ አፍ ትደርሳላችሁ። ኤም ስትሪት ይጨናነቃል፤ መጨናነቁ ግን ለሞፔድ በጎ ነው። ሁሉም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከላይ ያልኩትን ዋይትኸርስት የምታመልጡትም ኬ ስትሪትን ትታችሁ በኤም ስትሪት ስትሄዱ ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ አናኮስቲያን ለመሻገር ምርጫው ይሰፋል። የአሥራ አንደኛ ጎዳና ድልድይ ጎን ለጎን ሦስት ድልድይ ነው። ሁለቱ የ695 ናቸው፤ አንዱ ግን ለሰፈር ትራፊክ የተሠራ ነው፤ ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ አቬኑ ያደርሳል። ካርታ ላይ ሲታዩ ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ምርጫችሁ የሰፈሩ ይሁን፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት መግቢያውን በፎቶ እዩት። የፔንስልቬንያ አቬኑ ድልድይና ቤኒንግ ሮድም ይሆናሉ። ኒው ዮርክ አቬኑ በከተማው ክልል አይከለከልም። እኔ ግን አልሄድበትም። ስድስት መስመር፣ የጭነት መኪና፣ የሚጣደፍ ሰው። ወደ ምሥራቅ እየወጣ ሲሄድም ፈጣን መንገድ ይሆንና መውጫ ታጣላችሁ።

ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ለነፍስ አይበጅም። በቨርጂኒያ አርሊንግተን ቡለቫርድም እንዲሁ ነው። ኢንተርስቴት አይደለም። ነገር ግን ሌላው 45 በሚነዳበት መንገድ እናንተ ከ35 ማለፍ አትችሉም። ያ የ10 ማይል ልዩነት ከኋላችሁ ያለውን ሹፌር ትዕግሥት ያሳጣዋል።

5. ስልኩን አስተካክሉ

አሁን ስልኩን እናንሳ። ጉግል ማፕስ ላይ መድረሻችሁን ጻፉ፣ የመኪናውን ምልክት ምረጡ፣ ከዚያ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ወደ መንገድ አማራጮች ግቡ። «ሀይዌይ አስወግድ» የሚለውን አብሩ። «ክፍያ አስወግድ» የሚለውንም አብሩ። ዌዝም አፕል ማፕስም ይህ ምርጫ አላቸው። ዌዝ ላይ የተሽከርካሪውን ዓይነት ሞተርሳይክል ማድረግ ይቻላል። እሱ ግን ትልቁን ሞተር ነው የሚያስበው፤ ሀይዌይ አያስቀርላችሁም። ለብቻው ማጥፋት አለባችሁ።

ይህን አድርጋችሁም አትተማመኑ። ለካርታው ሀይዌይ ያልሆነ ፓርክዌይ ወይም የፍጥነት መንገድ አለ። ምርጫው ስልክ ሲቀየር ወይም አፑ ሲታደስ ሊጠፋም ይችላል። እኔ ጠዋት ጎማ ሳይ እሱንም አያለሁ። የዲሊቨሪ አፑ ላይ ደግሞ መሥሪያችሁን «መኪና» ብላችሁ ከሆነ ያስመዘገባችሁት፣ ወደ ስኩተር ቀይሩት። በመኪና ሂሳብ ሩቅ ትዕዛዝ እየላከ ሰዓቱን ያሳጥርባችኋል፤ በችኮላ ሀይዌይ የሚያስወጣው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌላ የምመክረው ኦስማንድ የሚባለውን አፕ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ለሞፔድ የተለየ ምርጫ አለው። መንገዱ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ገደብም ያሳያል፤ ለሜሪላንድ የ50 ማይል ሕግ በጣም ይረዳል። መረጃው በፈቃደኞች የሚሞላ ስለሆነ የሚጎድል ነገር አለ። ከጉግል ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት።

6. መንገዱን በእጃችሁ ሥሩ

ከዩ ስትሪት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንሂድ። የሐበሻ ሰው መስመር ነው።

ካርታው ጆርጂያ አቬኑን ወይም አሥራ ስድስተኛ ጎዳናን ይሰጣችኋል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ሁለቱም ላይ ግን ቀይ የተቀባ የአውቶቡስ መስመር አለ። ያ ቀይ መስመር ለአውቶቡስና ለብስክሌት እንጂ ለሞፔድ አይደለም። ቀዩ ላይ የገባውን ለመቅጣት ከ2023 ጀምሮ አውቶቡሶቹ ራሳቸው ላይ ካሜራ ተተክሏል። ቀዩን ስትለቁ ደግሞ ከመሀል መኪናዎች ጋር ትጋፋላችሁ።

እኔ አሥራ ሦስተኛ ጎዳናን እመርጣለሁ። ቤቶች ያሉበት፣ ዛፍ ያለው፣ ሰው የሚረጋጋበት መንገድ ነው። አንድ ችግር አለው። ከፍሎሪዳ አቬኑ ተነስቶ ወደ ክሊፍተን ስትሪት የሚወጣው ዳገት ከባድ ነው። 50 ሲሲ ሞተር እዚያ ላይ ያቃስታል። ፍጥነታችሁ ወደ 15 ማይል ሲወርድ ከኋላ ያለው መኪና ይጠጋችኋል። ስለዚህ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት ስፖኪዮ ተመልከቱ፣ መስመሩን መሀሉን ይዛችሁ ውጡ። ዳር ከያዛችሁ ሊያልፋችሁ ይሞክራል፤ የቆመ መኪና በርም ሊከፈትባችሁ ይችላል።

ከላይ ኮሎምቢያ ሃይትስን አልፋችሁ ቀጥሉ። ፎርት ስቲቨንስ የሚባለው የድሮ ምሽግ ጋ ስትደርሱ ጆርጂያ አቬኑ በስተቀኝ አንድ ብሎክ ነው። እዚያ ላይ ተሻግራችሁ ጆርጂያን ያዙ፤ ዋልተር ሪድ የሚባለው የቀድሞው የጦር ሆስፒታል ግቢ ከፊታችሁ ስላለ ቀጥታ መቀጠል አይቻልም። ኢስተርን አቬኑን ስታልፉ ሜሪላንድ ገባችሁ። የባቡር ድልድዩን ሥር አልፋችሁ በስላይጎ አቬኑ ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ፌንተን ስትሪት እዚያው ነው።

ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ከሆነ ደግሞ በኪ ብሪጅ ሮዝሊን ትገባላችሁ። ዊልሰን ቡለቫርድን ወደ ምዕራብ ይዛችሁ ክላረንደንን አልፋችሁ እስከ ቦልስተን ትሄዳላችሁ። በግሊብ ሮድ ወደ ግራ፣ ከዚያ በኮሎምቢያ ፓይክ ወደ ቀኝ። ስትመለሱ ልብ በሉ፦ በክላረንደንና በሮዝሊን መካከል ዊልሰን አንድ አቅጣጫ ነው። መመለሻው ክላረንደን ቡለቫርድ ነው። የመሄጃና የመመለሻ መንገድ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው ብላችሁ ለየብቻ ሥሯቸው።

መንገዱን ስትሠሩ ወደ ግራ መታጠፊያዎችን ቁጠሩ። መብራትና የራሱ የግራ ቀስት ከሌለው ትልቅ መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ካጋጠመኝ አልፌው ሄጄ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። ብሎኩን ዞሬ እዚያው እደርሳለሁ። አንድ ደቂቃ ነው።

የሠራችሁትን መንገድ ካርታው እንዲጠብቅ ከፈለጋችሁ መሀል ላይ ማቆሚያ ጨምሩበት። ለምሳሌ ፎርት ስቲቨንስን እንደ አንድ ማቆሚያ ብትጽፉ ካርታው በአሥራ ሦስተኛ በኩል እንዲወስዳችሁ ይገደዳል። ጉግል እስከ 9 ማቆሚያ ይቀበላል።

7. ከመነሳታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት

መንገዱን በፎቶ የሚያሳየው የጉግል ስትሪት ቪው ለዚህ ነው የተሠራ የሚመስለኝ። ቤት ቁጭ ብላችሁ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ትቆማላችሁ። የማየው ሦስት ነገር ነው፦ መንገዱ ሁለት የሚሆንበትን ቦታ፣ አረንጓዴ ትልቅ ምልክት ያለበትን ቦታ፣ መንገዱ ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ። እነዚህ ሦስቱ የሀይዌይ አፎች ናቸው። ያን ቀን የዘጠነኛ ጎዳናን ዋሻ በስትሪት ቪው ባየው ኖሮ ከሩቅ አውቀው ነበር፤ ምልክቱ እዚያው ተሰቅሏል።

ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ቪዥን ዜሮ በሚባለው ዕቅድ ብዙ ሰው የሚጎዳባቸውን መንገዶች ካርታ አውጥታለች። የትራንስፖርት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የሠራችሁትን መንገድ ከዚያ ጋር አስተያዩት። ከተደራረበ ጎን ያለውን ጎዳና ሞክሩ።

8. እሁድ ጠዋት ሞክሩት

አዲስ መንገድን ትዕዛዝ ይዤ አልሞክርም። እሁድ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ባዶ ቦርሳ ይዤ እወጣለሁ። ስልኩን ኪስ ውስጥ አደርገዋለሁ። ያለ ስልክ መድረስ ካልቻልኩ መንገዱን ገና አላወቅኩትም ማለት ነው።

ስትሄዱ አስፋልቱን እዩ። ኤች ስትሪት ኖርዝ ኢስትና ቤኒንግ ሮድ ላይ የጎዳና ባቡር ሐዲድ ተቀብሯል። የሐዲዱ ክፍተት ለሞፔድ ጎማ ልክ ነው። ጎን ለጎን ከሄዳችሁ ጎማው ይገባና መሪው ይያዛል። መሻገር ካለባችሁ ቀጥ ብላችሁ፣ ሐዲዱን በመስቀል ቅርጽ አቋርጡ፤ ስትሻገሩ ፍሬን አትያዙ፣ መሪም አትጠምዝዙ። ዝናብ ከሆነ ያን ጎዳና ትታችሁ በጎን ሂዱ።

በየቦታው ቁፋሮ የተከደነበት የብረት ሳህንም አለ። ሲደርቅ ምንም አይደለም። ሲረጥብ ሳሙና ነው። የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለምም ዝናብ ሲጀምር ያንሸራትታል። በኅዳር ደግሞ የወደቀ ቅጠል ይጨመርበታል። ጉድጓድ ካያችሁ ቆማችሁ ለከተማው በሚጠቆምበት የ311 አፕ ፎቶ ላኩ፤ ቦታውን ራሱ ይመዘግባል።

የመድረሻውን ማቆሚያም አብራችሁ ፈልጉ። ዲሲ ውስጥ ሞፔድ የእግረኛ መንገድ ላይ አይቆምም። መንገድ ዳር፣ በተፈቀደ ቦታ ነው። ብዙ ሰው መንገዱን በሥርዓት ነድቶ መጨረሻ ላይ ምግብ ቤቱ በር ላይ ወጥቶ ይቆምና ይቀጣል። የምትመላለሱባቸው ቤቶች አጠገብ የት እንደምትቆሙ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ስመለስ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «13ኛ፣ ክሊፍተን ዳገት፣ መሀሉን ያዝ።» «ፎርት ስቲቨንስ ቀኝ።» «ስላይጎ ጥግ ሳህን አለ።» ለአንድ መንገድ አራት አምስት መስመር ይበቃል። አዲስ ሰው ሥራ ሲጀምር ያንን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አብሬው እሁድ እወጣለሁ።